ጦይባ እልል ያለች ዕለት

ከወሎ ደውሎ «ካርቱም ሰላም ነው ወይ? መምጣት ይቻላል?» ብሎ ጦይባን የጠየቀ ሰው ከአንድ ቃል ሌላ መልስ አግኝቶ አያውቅም። «ተማም» ትላለች፣ ሱዳኖች ሁሉ ነገር ደህና ነው ለማለት እንደሚሉት። መንገድ ተዘግቶ ከሪያድ፣ ከካርቱሙ የሀብታም ሰፈር፣ እስከ ሶባ በእግሯ ያዘገመችበት ቀንም ተማም ነበር። አንዴማ ከሻ መጣ፤ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየቤቱ የሚያፍስበት ማለት ነው። እኔና እሷ የጎረቤት ሽንት ቤት ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን ቆመን ሳለ ስልኳ ተንጫረረ። አክስቷ ናት፣ ከሐይቅ። በሹክሹክታ «ተማም ነው አክስቴ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው ድምፄ የጠፋው» አለቻት። እዚያው በሳቅ ልታስይዘኝ ነበር፣ አላህ ይይላትና።

እኔ ዘኪያ እባላለሁ። ከጦይባ ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን፤ ጨው ሲያልቅብኝ በግድግዳው ላይ እጄን እሰዳለሁ፣ ወሬ ሲያልቅባት እሷ አንገቷን ትሰዳለች። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል። ይበሉ። ይህን ታሪክ ጦይባ ራሷ ብታወራው አንዲቱንም ክፉ ነገር ዘላ «ሁሉም ደህና ነበር» ብላ ነው የምትጨርሰው፤ ስለዚህ እኔ ላውራው።

ጦይባ ወደዚህ አገር የመጣችው ገና ኮረዳ ሳለች ነው፣ በመተማ በኩል። ሪያድ ውስጥ ሲት አፋፍ የምትባል ደህና ሴት ቤት ገባች፤ የሴትየዋን ልጆች አሳድጋ ዳረች፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቿን ታባብላለች። በመሃል ኤልፋቲሕ የሚባል ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር አገባት። ሳቂታ ሰው ነበር፣ ሁለተኛ ሳህን ሳይጨምር ከማዕድ የማይነሳ። በሽታ ቶሎ ወሰደው። ሶባ ላይ የጭቃ ጡብ ቤትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶላት ሄደ። ልጁ ሙስዐብ ይባላል። ሪክሻ፣ የኛ አገሩን ባጃጅ፣ ይነዳል። አማርኛው ከእናቱ ጉልበት ስር አልወጣም፤ ሲቸኩል እናቱን «አንተ» ይላታል።

ለምን ትዋሻለሽ ስላት ትቆጣለች። «ውሸት አይደለም» ትላለች። «እኛ አገር መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገረው። በስልክ ክፉ ወሬ የሚያወራ ባለጌ ነው። እዚያ ሆነው ምን ያደርጉልኛል? እንቅልፍ ያጣሉ እንጂ።» እውነቷን ነው፤ ሁላችንም እንደዚሁ ነን። እሷ ግን አበዛችው።

እንግዲህ ሙስዐብ አምና ለአክስቱ ልጅ ሰርግ ሐይቅ ሄዶ ሁስና የምትባል ልጅ አየ። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ዓይኗ የማይሰበር፣ ሲጠይቋት ቀጥ ብላ የምትመልስ ልጅ ናት አሉ። ከተመለሰ ጀምሮ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ አላህ ይወቀው፤ ሳቁን ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ጦይባ ሽማግሌ ላከች። የልጅቷ አባት እሺ አሉ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ካርቱም ተናወጠች።

የዳቦ ዋጋ ሰማይ የነካበት ያ ወቅት ነው። ወጣቱ ጎዳና ወጣ፣ ጎማ ነደደ፣ መንግሥት አስለቃሽ ጭሱን አዘነበው፤ ሱዳኖቹ ቡምባን ይሉታል። የሁስና አባት ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን አዩ። ደውለውም ቁርጡን ተናገሩ። «ልጄን እሳት ውስጥ አልጥላትም። ወንድሜ ሼህ ሀሰን መጥተው በዓይናቸው ይዩ። ሰላም ነው ካሉ ትመጣለች። አይደለም ካሉ አንድ የደሴ እህል ነጋዴ ለልጁ ጠይቆኛል፣ ለሱ እድራታለሁ።»

«ተማም» አለች ጦይባ። ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሙስዐብ በዚያ ሳምንት እህል አልቀመሰም። እንደ አባቱ ለማዕድ ሟች የሆነ ልጅ ሳህኑን ሲገፋ ማየት ቀላል አይደለም። ጦይባ እሱን እያየች እንዲህ አለችኝ፣ «ዘኪያ፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ሼሁ እዚህ በሚቆዩበት ጊዜ ካርቱም ሰላም መሆን አለባት።»

«ለመንግሥት ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ ልንገረው?» አልኳት።

አልሳቀችም። ጀመረች።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ «ተበላሸ»፤ ሶኬቱን ነቅላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቀጥሎ ጎረቤታችን ወፋ ጋ ሄደች። ወፋ ሱዳናዊት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልቧ ከልጆቹ ጋር ጎዳና ላይ የሆነ ሴት። «እንግዳው እስኪሄዱ ስለ ሰልፉ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» ብላ ለመነቻት። ወፋ ወገቧን ይዛ «ለሰርጉ ስትይ አብዮቱን ልደብቅልሽ?» አለች፤ ብትልም እሺ አለች። ትልቁ ጣጣ ሐሙስ ነበር። ሰልፉ፣ እነሱ መውኪብ የሚሉት፣ በአብዛኛው ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሼሁ ዓርብ መጥተው ረቡዕ እንዲመለሱ ተነጋገርን። ሁሉም ነገር ተመቻቸ።

ሼህ ሀሰን የመጡት ማክሰኞ ነው።

«አውቶብሱ ጎማ ፈነዳበት» አሉ ከሃፍላው፣ ከከተማው ሚኒባስ፣ ሲወርዱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ኮፍያና አረንጓዴ ሽርጥ፣ በእጃቸው መቁጠሪያ። ጎማ ለመቀየር ይህን ሁሉ ቀን የሚፈጅ አውቶብስ ምን ዓይነት ነው ብዬ በሆዴ ብልም እንግዳ ነውና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ከተማውን ልናሳያቸው ወጣን። ሙስዐብ ሪክሻውን ያዘ፤ እኔና ሼሁ ኋላ፣ በመሃላችን ለነውሩ ሲባል የጦይባ ዘንቢል። ጦይባ ሥራ ነበረች፤ አደራውን ለኔ ጥላ ነው የሄደች። ሙስዐብ ዋናውን መንገድ ትቶ በየጓሮው፣ በየፍየሉ መሃል ይነዳል። መንገዱ ላይ ጥቁር የተቃጠለ ክብ ክብ ነገር አለ። ሼሁ በመቁጠሪያቸው ጠቆም አደረጉት።

«እዚህ ምን ተጠብሶ ነው?»

«በግ» አልኩ። «ሱዳን በግ ይወዳል።»

«አስፋልት ላይ?»

«ደግሶ ማብላት ይወዳሉ፤ ግቢያቸው ጠባብ ነው።»

«ማሻአላህ» አሉ።

ትንሽ ሄድን። መኪናው ከማደያው ጀምሮ እስከ ዓይን ማለቂያ ተሰልፏል፤ ሹፌሮቹ ጥላ ፍለጋ መኪናቸው ስር ገብተው ተኝተዋል። «የመኪና ገበያ ነው» አለ ሙስዐብ ፈጠን ብሎ። የዳቦው ሰልፍ ላይ ደረስን። «ሰደቃ የሚያበሉ ሀብታም አሉ» አልኩ። እንዲህ እያልን ሪያድ ጫፍ ስንደርስ ግድግዳው ሁሉ በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል፤ አንዱ ጽሑፍ ደግሞ በየቤቱ አጥር ላይ ይመላለሳል። ሼሁ አንገታቸውን አዙረው አዩት።

«ይህስ?»

ሙስዐብ በመስታወት ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ ዐረብኛ አላነብ፤ እሱ ያነባል፣ ፊቱም ያስታውቃል። «ማስታወቂያ ነው» አልኩ። «የሳሙና።»

«ጥሩ ሳሙና ሳይሆን አይቀርም» አሉ ሼህ ሀሰን። «በየግድግዳው አለ።»

በዚያ ላይ ነፋሱ ከቡሪ ሰፈር በኩል የትናንቱን ጭስ ይዞ መጣና ሦስታችንም ማልቀስ ጀመርን። ሽንኩርት ነው አልኩ፤ ሽንኩርት የሚከተፍበት ሰፈር ነው። ሼሁ እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው አሁንም «ማሻአላህ» አሉ። ማታ ለጦይባ ስነግራት ጉንጬን ሳመችኝ። ሰውየው እንደ ሕፃን ነው ያመነን፣ ዐረብኛውን እንደሆነ አንዲት ቃል አይሰማ፤ ወፋ ስታናግረው አፏን አፏን ነበር የሚያየው አልኳት።

ሐሙስ ደረሰ። ወፋ በማለዳ አንገቷን ሰዳ ደስ የሚል ወሬ ነገረችን፤ የዛሬው መውኪብ ቡሪ ነው፣ የሶባ ልጆች ከዳቦ ቤቱ ፊት ተሰብስበው በሃፍላ ወደዚያ ሊሄዱ ነው፤ ሰፈሩ ጭር ይላል። ጦይባ አልሐምዱሊላህ አለች። ምሳው ቀደም ይበል፣ ሼሁ ጠግበው ይተኛሉ፣ ሲነሱ ሁሉ ነገር አልፏል፤ እንዲህ ነበር ሐሳቧ። ከሲት አፋፍ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። በግ አርዳለች። ቅንጥብጣቢውን እንኳ ሳታስቀር አሳምራ ሠርታዋለች።

ግቢ ውስጥ ራኩባው ስር፣ ከሸንበቆው ጥላ ተቀመጥን። ሙስዐብ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት፣ ሼሁን ያጎርሳል። ሼሁ በደንብ በሉ። እጃቸውን ታጠቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር እንደሚመጣ አወቅን፤ ጦይባ የያዘችውን ጣሳ ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲህ ያየሁትን አይቻለሁ። ልጁን ወድጄዋለሁ...»

ጦይባ አላስጨረሰቻቸውም። ከተቀመጠችበት ተፈናጥራ ተነስታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ያን የወሎ እልልታ ለቀቀችው። ስታቀልጠው፣ ስታቀልጠው! የዓመታት ጭንቀቷን ነው አብራ ያወጣችው። እኔም እንባዬ መጣ።

አሁን እናንተ የካርቱምን ሰው ልማድ ስለማታውቁ ልንገራችሁ። በዚያ ወቅት ሰልፍ የሚወጣው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚጀመረውም በጥይት ወይም በፊሽካ አይደለም። ከአንዱ ግቢ አንዲት ሴት እልል ትላለች። ያ ነው ምልክቱ። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ጦይባም ታውቃለች፤ ሰፈሩ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ደስታ ግን አእምሮ የለውም። በተከፈተው በር በኩል ቤት ውስጥ የተሰቀለውን ሰዓት አየሁት፤ ልክ ሰባት ነው።

መጀመሪያ የመለሰችው ወፋ ናት። ከግድግዳው ማዶ እልልታዋን አስተጋባች። ከዚያ ሦስተኛው ቤት፣ ከዚያ ማዶ ያለው መንገድ፣ ከዚያ ሶባ በሙሉ። ዳቦ ቤቱ ፊት ሃፍላ ሲጠብቁ የነበሩት ልጆች ዕቅዱ ተቀይሮ ነው ብለው ግር ብለው ወደኛ መንገድ ገቡ። ጭብጨባ፣ ከበሮ፣ «ይውደቅ፣ በቃ» የሚል ጩኸት። ሼህ ሀሰን ጣታቸውን መቁጠሪያው ላይ አቁመው ያዳምጣሉ። ጦይባ እጇ አፏ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀርታለች።

«ጎረቤት ደስታ ይጋራል» አልኩ እኔ። ሌላ ምን ልበል?

ያኔ የብረት በሩ ተደበደበ። ኢሃብ ነው፣ የሙስዐብ ጓደኛ፤ ሳይጠብቅ በሩን በርግዶ ራሱን አስገባ። «ያ ሙስዐብ! ያለ አንተ ማን ጀመረው? ከበሮህን ይዘናል፣ ልጆቹ ሁሉ አንተን እየጠበቁ ነው፤ ያላ!»

ሙስዐብ እናቱን አየ፣ ሼሁን አየ፣ አዲሱን ጀለቢያውን አየ። ከዚያ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወጣ። ከበሮው ወዲያው ተቀየረ፤ ድምቅ አለ፣ ሥርዓት ያዘ። የሰልፉ መሪ የኛው ሙሽራ ኖሯል።

ጦይባ «ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ይበዛል ይለኝ ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ፖሊስ እስኪመጣ ብዙ አልፈጀም። ፒካፖቹ ሲያጓሩ ሰማን፤ ከዚያ ጡጡጥ አለና አንዱ ቡምባን በአጥሩ ላይ ዞሮ ራኩባው ስር፣ ከበጉ ትሪ አጠገብ ወድቆ መጨስ ጀመረ። እኔ ዓይኔን ይዤ ጮህኩ፤ ስንት ሐሙስ ስሸተው የከረምኩ ሴትዮ ነኝ። ሼህ ሀሰን ግን አልጮኹም። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የሽርጣቸውን ጫፍ ከውሃው ጋን ነክረው አፍንጫቸው ላይ አሰሩ። ባዶ ጆንያ አነሱ፣ ውሃ ደፉበት፣ ያን ነገር እንደ ታረደ ዶሮ ጆንያው ስር አፍነው ቆሙበት። «ዓይናችሁን አትሹ» አሉ ረጋ ብለው። «ወደ ነፋሱ ዙሩ። አትሩጡ።»

ጭሱ እየበረደ ሲሄድ፣ ትንፋሽ ሳገኝ፣ «ይህን የት ነው የተማሩት?» አልኳቸው።

«መተማ መንገድ ላይ» አሉ፣ ሽርጣቸውን እየጨመቁ።

ነገሩን ልብ አልኩት። ለጊዜው ግን ዋጥኩት።

ሼሁ ተመልሰው ተቀመጡ። መንገዱ ላይ ጩኸቱ ወደ ዳቦ ቤቱ በኩል እየራቀ ነው። ጦይባ ቆማለች፤ የምትቀመጥበትን ያጣች ትመስላለች።

«ጦይባ» አሉ ሼሁ። «ቅድም ልጁን ወድጄዋለሁ ብዬ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ‹ግን› ልል ስል እልል አልሽ።»

«ግኑ ምን ነበር?»

«ሳሙናውን አንብቤዋለሁ።»

ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛ ሁለት ጉዶች! ሼህ ሆኖ፣ ዕድሜውን በቂርኣት ኪታብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ዐረብኛ ማንበብ እንደሚችል አንዳችንም አላሰብንም። ጦይባና እኔ ዐረብኛን የተማርነው ከማድቤትና ከገበያ ነው፤ ለኛ ዐረብኛ ማለት ወፋ የምትናገረው ነው። ሼሁ ወፋን አለመስማታቸውን አይተን ምንም አያውቁም ብለን ደመደምን። እሳቸው ደግሞ ከወፋ አፍ ይልቅ ግድግዳውን አነበቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

«የዳቦውንም ሰልፍ አውቃለሁ» አሉ። «የቤንዚኑንም። ሽንኩርታችሁን ደግሞ ከመምጣቴ በፊት አውቀዋለሁ። ስሚኝ ልጄ፤ ጭስ ያለበት አገር ሰው ይኖራል። ጭሱ አላስፈራኝም። ጭሱን ሳሙና ነው የሚለኝ ቤት ነው ያስፈራኝ። ነገ ልጃችን ብትታመም ተማም ትዪኛለሽ። ብትከፋ ተማም ትዪኛለሽ። ሞታ ብትቀበር እንኳ ድምጿ ጠፍቶ ነው፣ ጉንፋን ይዟት ነው ትዪኛለሽ። እንዴት አድርጌ ነው ለዚህ ቤት የምሰጣት?»

ጦይባ አንገቷን ደፋች። አሁን የምታለቅሰው ከጭሱ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። ጦይባን ስታለቅስ ያየሁት ኤልፋቲሕ የሞተ ዕለት ብቻ ነው። እኔም ሼሁን ጠላኋቸው፤ የተናገሩት እውነት ስለሆነ የባሰ ጠላኋቸው።

በዚህ መሃል ሙስዐብ ገባ። ዓይኑ ቲማቲም መስሏል፣ አንድ እግሩ ባዶ ነው፣ ጀለቢያው ከብብቱ እስከ ጫፉ ተተርትሯል። እናቱን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ሐሙስ ሐሙስ የት ነበርክ?» አለችው።

«እዚሁ፣ መንገድ ላይ።»

«ሥራ ነኝ ስትለኝ የነበረውስ?»

«ማታ እንድትተኛ ብዬ ነው» አላት፣ እንደ ልማዱ በወንድ አንቀጽ። «ብታውቅ ምን ታደርግልኛለህ? እንቅልፍ ታጣለህ እንጂ።»

ቃል በቃል የራሷ ነው። ስንቱን ዘመድ ስታጎርሰው የኖረችውን ዛሬ ከራሷ ልጅ እጅ ቀመሰችው፣ ምሬቱም ፊቷ ላይ ታየ።

እንዲህ ሆኖ ሊያልቅ ነው? ዝም አልልም። ፊቴን ወደ ሼሁ አዞርኩ።

«ሼህ ሀሰን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አውቶብሱ ጎማ የፈነዳበት የት ነበር?»

መቁጠሪያቸውን ማሽከርከር ጀመሩ።

«መተማ መንገድ ላይ፣ ነው ያሉኝ? ጎማ የሚቀየረው በእርጥብ ጨርቅ አፍንጫ ታስሮ ነው እንዴ?»

ሙስዐብ ደነገጠ፣ ጦይባ «ዘኪያ!» አለች። ሼሁ ግን ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው።

«ተያዝኩ» አሉ። «መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ተኩስም ነበር፣ ጭስም ነበር፤ ሦስት መንደር ላይ አስወርደውናል። ወንድሜም ለናንተ ሲደውል ሰላም ነው ይላል፤ ሰላም አይደለም። እውነቱን ካላችሁ ልጅቷን ለማውጣት ከናንተ ይልቅ የቸኮለው እሱ ነው። ሂድና እነሱ ከኛ የተሻሉ መሆናቸውን እይልኝ ብሎኝ ነው የላከኝ።»

«እንግዲያው ፈራጁም ውሸታም ነው» አልኩ።

«ነው። ስለዚህ እኔ አልፈርድም።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ሕይወቱ የሷ ነው፤ እሷ ትፍረድ። ጦይባ፣ አንቺ ንገሪያት። አማረ አላማረ ሳትዪ፣ ያለውን ብቻ።»

ጥሪው ሲያቃጭል ጦይባ ስልኩን እንደ ፍም ነው የያዘችው። ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፈቱት። ሁስና አነሳች። «ሄሎ፣ አጎቴ?»

«እኔ ነኝ፣ ጦይባ ነኝ።»

«እማ! እንዴት ናችሁ? ሰላም ነው?»

ጦይባ ከንፈሯ ለለመደው ቃል ተዘጋጅቶ ሲንቀሳቀስ አየሁት። መለሰችው።

«አይደለም» አለች። «ሰላም አይደለም ልጄ። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ጭስ ጥለውብናል። ዳቦ የምናገኘው ተሰልፈን ነው፣ አንዳንድ ቀን ተሰልፈንም አናገኝ። ሙስዐብ ሰልፍ ይወጣል፣ ከበሮ የሚመታው እሱ ነው፤ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ሊያስሩት ይችላሉ። እኔም ወረቀቴ ያለቀበት ጊዜ ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቄ አውቃለሁ። ላንቺ፣ ለአባትሽም፣ ደህና ነው ያልኩት ሁሉ ደህና አልነበረም። ፈርቼ ነው። እንዳትቀሪብን ፈርቼ።»

ሙስዐብ በባዶ እግሩ መሬቱን ይቧጭራል። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ የማላውቀውን ሁሉ ዱዓ አደረግኩ።

«እማ» አለች ሁስና፣ ቀስ ብላ። «ይህን ሁሉ ሙስዐብ ከመጀመሪያው ነግሮኛል። ከበሮውንም፣ እስሩንም። የትናንትናውን ሳሙና እንኳ ነግሮኛል።»

ሼሁ ዓይናቸውን ገልጠው ሙስዐብን አዩት። ሙስዐብ ጣሪያውን አየ።

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ለአባትሽ አልነገርሽውም?» አለች ጦይባ።

«አንቺ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ቀኑን ሙሉ ሪክሻ ላይ ነው፣ አሁን ደግሞ ከበሮ ላይ። እኔ የምኖረው ካንቺ ጋር ነው። ዛሬ ባትነግሪኝ ኖሮ አልመጣም ነበር። አሁን እመጣለሁ።»

ሼህ ሀሰን «አባትሽን ለኔ ተዪው» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ መልስም አልጠበቁ። ሙስዐብ ዞሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ፊቱን እንዳናየው ነው።

ጦይባ ግን አላበቃችም። አንዴ የተከፈተ አፍ መዝጊያው ጠፍቶባት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቀጠለች። «ልጄ፣ ክፍልሽ ክረምት ያፈሳል። በአልጋው በኩል ነው የሚያፈሰው፣ ባልዲ አስቀምጫለሁ። ሙስዐብ ያንኮራፋል። እኔም ጠዋት ጠዋት ክፉ ነኝ፣ ሻይ ሳልጠጣ እንዳታናግሪኝ። ጎረቤታችን ዘኪያ ደግሞ ወሬኛ ናት፣ ምስጢር አትንገሪያት...»

«ጦይባ፣ ይበቃል» አሉ ሼሁ። «ልጅቷን ልታስቀሪያት ነው።»

ከወዲያ ሁስና ትስቃለች። «ተዋት አጎቴ» አለች። «ቀጥዪ፣ እማ።»

ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ቀጠለች።